ለባልና ሚስት የምትሆን ሸራ ጀልባ፦ ከደብረ ብርሃን ተነስቶ እንዴት ይመረጣል?

ባለፈው ዓመት፣ ከፋሲካ በኋላ፣ እኔና ባለቤቴ ሲሼልስ በምትባለው የሕንድ ውቅያኖስ ደሴቶች አገር አንድ ሳምንት ጀልባ ላይ ኖርን። ሁለታችንም ተወልደን ያደግነው ደብረ ብርሃን ነው። ባሕር በዓይናችን አይተን አናውቅም ነበር። ዕቁቡ ሲደርሰን ግማሹን ለቤታችን ጣሪያ፣ ግማሹን ለዚህ ጉዞ አደረግነው። በ15 ዓመት ትዳራችን ብቻችንን ሆነን የትም ሄደን አናውቅም።

ከተመለስን ወዲህ ጠያቂ በዝቷል። የወንድሜ ልጅ በጥር ሊያገባ ነው፤ ለጫጉላ ሽርሽር አስቧል። የባለቤቴ የሥራ ባልደረባና ሚስቱም እንዲሁ። ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ «የትኛዋን ጀልባ እንከራይ?» በስልክ ቁርጥራጭ መልስ ከምሰጥ ቁጭ ብዬ ልጻፈው አልኩ።

የማምንበትን ከወዲሁ ልናገር። እንደኛ ከደጋ ወርዶ ለመጀመሪያ ጊዜ ባሕር ላይ ለሚያድር ሰው፣ ከጀልባዋ በፊት የሚመረጠው ነጂው ነው። ቀጥሎ መኝታው። የጀልባዋ ዓይነትና ርዝመት የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። እኛ ገልብጠን ነበር የጀመርነው። ሁለት ወር ሙሉ ማታ ማታ ፎቶ ስናይ ከረምን። ነጭ ጀልባ፣ ሰማያዊ ውሃ፣ ሁሉም ያምራል። ማን እንደሚነዳት ግን ፎቶው ላይ የለም።

ማን ይንዳት?

አንደኛው መንገድ ጀልባዋን ብቻዋን መከራየት ነው። ተረክባችሁ ራሳችሁ ትነዳላችሁ። ለዚህ አከራዮች የብቃት ማስረጃ ይጠይቃሉ። ከዚህ በፊት የት፣ ምን ዓይነት ጀልባ፣ ስንት ቀን እንደነዳችሁ ያስሞላሉ። ጠቀም ያለ የዋስትና ገንዘብም ያስይዛሉ፤ ጀልባዋ ከተጎዳች ከዚያ ላይ ይቆረጣል። ትምህርቱን ወስዶ ወረቀቱን ማግኘት ይቻላል። ሸራ መስቀልና ማውረድ ሰው በጥቂት ቀን ይለምደዋል። ከባዱ ሌላ ነው፦ ሊመሽ ሲል፣ ነፋስ እየነፈሰ፣ ኮራል የሚሉት የባሕር ሥር ዐለት ባለበት ዳርቻ መልሕቅ ጥሎ «ዛሬ እዚህ መተኛት ይቻላል» ብሎ መወሰን። ይህ በልምድ እንጂ በወረቀት አይገኝም። ለጀማሪ አልመክርም።

ሁለተኛው ጀልባዋን ከካፒቴን ጋር መከራየት ነው። የቀን አበል ትከፍላላችሁ፣ ምግቡም በእናንተ ነው። እኛ የመረጥነው ይህን ነው። ዛሬም ብሄድ ይህንኑ እመርጣለሁ።

ለምን እንደሆነ አንድ ነገር ላሳያችሁ። በሁለተኛው ቀን ማምሻ ላይ ፕራስሊን የምትባል ደሴት አጠገብ ቆምን። ካፒቴኑ መልሕቁን ጣለ። ጥልቀቱ 5 ሜትር ነበር፤ እሱ ግን 25 ሜትር ሰንሰለት ለቀቀ። «ለምን ይህን ያህል?» አልኩት። ሰንሰለቱ ረዝሞ አሸዋው ላይ ሲተኛ ነው መልሕቁ የሚነክሰው፤ አጭር ከሆነ ጀልባዋ ስትጎትተው ይነቀላል አለኝ። ከዚያ ወደ ዳርቻው ጠቆመ። አንዲት ዘንባባ ነበረች፤ ከኋላዋ ደግሞ የቤት ጣሪያ ጫፍ። ሁለቱ አንድ መስመር ላይ እስካሉ ድረስ አልተንቀሳቀስንም ማለት ነው አለ። ሌሊት ሁለት ጊዜ ተነስቶ ያችን መስመር አየ። እኔ የነቃሁት የእግሩን ኮቴ ሰምቼ ነው። መልሼ ተኛሁ። የከፈልነው ገንዘብ የገባኝ ያኔ ነው።

ሦስተኛው መንገድ ካቢን፣ ማለትም አንድ የመኝታ ክፍል፣ ብቻ መከራየት ነው። በትልቅ ጀልባ ላይ ከሌሎች ጥንዶች ጋር ትሳፈራላችሁ። ካፒቴንና ምግብ አብሳይ አለ፤ መንገዱ አስቀድሞ የተወሰነ ነው። ለሁለት ሰው ሲሰላ ብዙ ጊዜ ርካሹ ይህ ነው። ጨዋታ ለሚወዱ ወጣቶች ጥሩ ነው። ብቻቸውን መሆን ለፈለጉ ግን ቁርሱም እራቱም ከማያውቁት ሰው ጋር ነው።

ሙሉ ሠራተኛ ያላት፣ ለእናንተ ብቻ የሆነች ትልቅ ጀልባም አለች። እዚያ ከኪራዩ በላይ ለምግብና ለነዳጅ ከ25 እስከ 30 በመቶ የሚሆን ቅድሚያ ክፍያ የሚጠየቅበት ጊዜ አለ። የኛ አቅም አልነበረም፤ አላየሁትምና አልፈዋለሁ።

ግቢያችን ውስጥ ገመድ ዘረጋን

ለኪራይ የሚቀርቡት ሸራ ጀልባዎች በአብዛኛው ሁለት ዓይነት ናቸው። ሞኖሃል የሚባለው ባለ አንድ አካሉ ነው፤ ልጅ ጀልባ ሳል ሲባል የሚስለው ዓይነት። ከሆዱ ሥር ከባድ የብረት ወይም የእርሳስ ክንፍ ወደ ውሃው ይወርዳል። ነፋስ ሲገፋው ይዘነብላል፤ እንዳይገለበጥ ይዞ የሚመልሰው ያ ክብደት ነው። ካታማራን ደግሞ ሁለት ቀጫጭን አካሎች ጎን ለጎን ሆነው፣ በላያቸው ሳሎን የተሠራበት ነው። ስፋቱ ስለሚይዘው አይዘነብልም ለማለት ይቻላል።

ርዝመቱ በፉት ነው የሚነገረው። ባለ 40 ፉት ማለት 12 ሜትር ገደማ ነው። በወረቀት ስናየው ሁለቱም 12 ሜትር ናቸው፤ ልዩነቱ አልታየንም። አንድ እሑድ ከሰዓት ባለቤቴ የጭነት ገመድ አምጥቶ ሣሩ ላይ ዘረጋው። ለሞኖሃሉ 12 በ4፣ ለካታማራኑ 12 በ7። ከዚያ መኝታውን ለካ። የሞኖሃሉ የፊት ካቢን ጀልባው ወደ አፍንጫው ስለሚጠብ፣ አልጋው በእግር በኩል እየሾጠጠ ይሄዳል። ሁለታችንም ገመዱ ውስጥ ተጋደምን። እግራችን እርስ በርስ ተደራረበ። የጎረቤት ልጆች መጥተው ሳሎን ነው፣ ኩሽና ነው እያሉ ይሮጡበት ጀመር። የሁለት ወር ፎቶ ያልነገረንን ያቺ ገመድ በግማሽ ሰዓት ነገረችን፤ ካታማራን ተከራየን። እናንተም አድርጉት። ገመድ ከሌለ ጠመኔ ይበቃል።

አሁን ካፒቴኑን ጨምሩበት። እሱም የሚተኛበት ያስፈልገዋል። ሞኖሃል ውስጥ የእሱን ካቢን ከእናንተ የሚለየው ስስ ጣውላ ነው፤ መጸዳጃ ቤቱም ብዙ ጊዜ የጋራ ነው። ሲያንኮራፋ ትሰሙታላችሁ፤ እሱም እናንተን ይሰማል። ካታማራን ላይ እናንተ በቀኙ አካል፣ እሱ በግራው ይተኛል፤ መሃል ላይ ሳሎኑ አለ። ማስታወቂያ ላይ ይህን የሚጽፍ የለም። ባልና ሚስት ለብቻቸው ሊሆኑ ወጥተው ከሆነ ግን፣ ካፒቴን ይዞ ለሚሄድ ጥንድ ካታማራን የሚያሸንፍበት ትልቁ ምክንያት ይህ ነው።

በእንቅስቃሴ ሁለቱ የየራሳቸው ጠባይ አላቸው። ሞኖሃል በጥሩ ነፋስ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይዘነብላል። ይህ የተለመደ ነው፤ አደጋ አይደለም። ግን የቡና ስኒ ጠረጴዛ ላይ አይቆምላችሁም። ማዕበሉን ግን ሰንጥቆ ያልፋል፤ ወደ ነፋሱ አቅጣጫ ሲወጣም ከካታማራን ይሻላል። ካታማራን ላይ ቡናችንን ረከቦት ላይ ደርድረን ጠጥተናል። ማዕበል ከፊት ሲመጣ ግን ውሃው በሳሎኑ ወለል ሥር እየገባ ይመታል። ጧ! ሰው በር የሚደበድብ ነው የሚመስለው። ካልነገሯችሁ ትደነግጣላችሁ። ቆሞ ሲታደር ደግሞ ሞኖሃል እንደ ሕፃን አልጋ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ካታማራን ረጋ ይላል።

የጉዞው መጨረሻ ላይ ለግማሽ ቀን ሞኖሃል ላይ ወጥተን ነበር። ስትዘነብል እኔ ብረቱን ሙጭጭ አድርጌ ያዝኩ። ባለቤቴ መሪውን ከያዘ በኋላ አለቅም አለ። ነፋሱ በእጁ እንደሚሰማው ነገረኝ፤ ልክ የበሬውን ጉልበት በእርፉ እንደሚሰማ ገበሬ። እውነቱን ነው። መርከብ መንዳት የሚባለውን ነገር ራሱን ለሚፈልግ ሰው ሞኖሃል ይበልጣል። ለማረፍ ለሚሄድ ካታማራን።

ማቅለሽለሽን በተመለከተ፣ የትኛዋም ጀልባ ዋስትና አትሰጥም። ከዋናዋ ደሴት ከማሄ ወደ ፕራስሊን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሸራ ጀልባ በሰዓት ከ9 እስከ 13 ኪሎ ሜትር ስለምትሄድ፣ አራት አምስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ሦስቱን ሰዓት ታምሜ ነው የሄድኩት። ስህተቴ ወደ ውስጥ ገብቼ መጋደሜ ነበር። ውጭ ተቀምጣችሁ አድማሱን እዩ። ፋርማሲስት አማክራችሁ መድኃኒቱን ከመነሳት በፊት ውሰዱ፤ ከጀመረ በኋላ ብዙም አይረዳም።

ሙቀቱ

ይህን ለኛ አገር ሰው ለብቻው ማውራት አለብኝ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሣሩን ነጭ አድርጎት የምንነሳ ሰዎች ነን። ሲሼልስ ዓመቱን ሙሉ ከ24 እስከ 32 ዲግሪ ነው፣ ሌሊቱም ይወብቃል። በመጀመሪያው ሌሊት፣ ወደቡ ላይ ታስረን ሳለን፣ እንቅልፍ የሚባል አልወሰደኝም።

መፍትሔው ከአየር ማቀዝቀዣ ቀድሞ መስኮት ነው። አየር ማቀዝቀዣ የሚሠራው ጄኔሬተር ሲነሳ ወይም ወደብ ላይ መብራት ሲሰካ ነው፤ ጄኔሬተሩ ደግሞ ይጮኻል። መልሕቅ ጥላ የቆመች ጀልባ ግን ብዙ ጊዜ አፍንጫዋን ወደ ነፋሱ ታዞራለች። ከአልጋችሁ በላይ፣ ጣሪያው ላይ የሚከፈት መስኮት ካለ ነፋሱ ቀጥ ብሎ ይገባል። ወደብ ላይ ስትታሰር ግን መዞር አትችልም፤ ለዚህ ነው የመጀመሪያው ሌሊት ያቃጠለን። ስለዚህ ስትመርጡ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ካቢኑ ጣሪያ ላይ የሚከፈት መስኮት አለው? ከአልጋው አጠገብ ፋን አለ? እነዚህ ያሏት አሮጌ ጀልባ፣ ከሌሏት አዲስ ጀልባ ትሻላለች።

በሦስተኛው ሌሊት መርከቡ ፊት ላይ፣ በሁለቱ አካሎች መሃል የተወጠረው መረብ ላይ ተኛን። ጋቢ ይዤ ነበር። ሌሊት ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ሲል ተጠቀለልንበት። ካታማራን ላይ ይህ መረብ አለ፤ ሞኖሃል ላይ የለም።

የቀረው ልዩነት በአጭሩ ይህ ነው። ካታማራን ውሃ ውስጥ የሚገባው ከ1.2 እስከ 1.4 ሜትር ያህል ነው፣ ሞኖሃል 2 ሜትር ገደማ። ስለዚህ ካታማራን ዳርቻው ድረስ ይጠጋል። ከኋላው ወደ ውሃው የሚወርድ ደረጃ አለው፤ ዋና ለማይችል ሰው ትልቅ ነገር ነው። ላይፍ ጃኬት ለብሼ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ነው ከባሕሩ ጋር የተዋወቅሁት። ከቻላችሁ ግን ቀደም ብላችሁ ላንጋኖ ሄዳችሁ ትንሽ ተለማመዱ።

ዋጋው ላይ ካታማራን በተመሳሳይ ርዝመት ካለው ሞኖሃል አንድ ተኩል ጊዜ፣ አንዳንዴም እጥፍ ያስከፍላል። ለሁለት ሰውና ለአንድ ካፒቴን ከ38 እስከ 40 ፉት ያለው ካታማራን ከበቂ በላይ ነው፤ ሞኖሃል ከሆነ 36 ፉት ይበቃል። ገንዘቡ ካልሞላ ካፒቴኑን አትቀንሱ። ቀኑን ቀንሱ። ሰባቱን ቀን አምስት አድርጉት።

የትና መቼ?

ሲሼልስ ለኛ የሚመቸው በብዙ ነው። ከአዲስ አበባ የአራት ሰዓት ያህል በረራ ነው። ቪዛ አይጠይቁም፤ ከመነሳት በፊት ግን የጉዞ ፈቃዱን በኢንተርኔት መሙላት ግድ ነው። የቢጫ ወባ ክትባት ካርዳችሁንም ያዙ። ደሴቶቹ ይቀራረባሉ። ፕራስሊን ላይ ቫሌ ደ ሜ የሚባል፣ በ1983 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ የዘንባባ ጫካ አለ፤ በዓለም ትልቁን ዘር የሚያፈራው ዛፍ ይበቅልበታል። ከአጠገቡ ባለችው ኩሪየዝ ደሴት ትልልቅ ኤሊዎች መንገድ ላይ ይሄዳሉ።

ወቅቱን ስትመርጡ የኛ የጾም ቀን አቆጣጠር ከነፋሱ ጋር መግጠሙ ገርሞኛል። ሲሼልስ ላይ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣ ዝናባማ ነፋስ አለ። ከግንቦት እስከ መስከረም ደግሞ ከደቡብ ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል። የጣርማ በርን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ባሕር ላይ ያንን አይፈልገውም። በሁለቱ መሃል፣ ከሚያዝያ ጀምሮ፣ ለስለስ ያለ ጊዜ አለ። በዓለ ሃምሳም የሚውለው እዚያው ላይ ነው። ረቡዕም ዓርብም አይጾምም፤ ዓሣውን እንደልብ ትበላላችሁ።

ለወንድሜ ልጅ ግን እዚህ ላይ ችግር አለ። የጥር ሙሽሮች በሠርጋቸው ማግሥት ሲሼልስ ቢሄዱ ዋናው ዝናብ ላይ ይደርሳሉ። ሁለት አማራጭ አላችሁ ብዬዋለሁ። ወይ ከፋሲካ በኋላ ጠብቁ፤ ወይ ላሙ ሂዱ።

ላሙ የኬንያ ደሴት ናት። ኢትዮጵያዊ ወደ ኬንያ ቪዛ አያስፈልገውም። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል፤ በጥርና በየካቲት ዝናቡ ጥቂት ነው። በየብስ ያለው መንገድ የጸጥታ ችግር ስላለበት በአውሮፕላን ነው መግባት። እዚያ የምትከራዩት ዳው ነው፤ አንድ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራ ያለው የእንጨት ጀልባ። ከነካፒቴኑ በቀን ይከራያል። ካቢን የለውም፤ ማታ ወደ እንግዳ ማረፊያችሁ ትመለሳላችሁ። በወጪ ከካታማራኑ ጋር አይወዳደርም። የላሙ አሮጌ ከተማም በ2001 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበች ናት፤ ጠባብ መንገዶቿ ላይ መኪና ሳይሆን አህያ ነው የሚጫነው። ለሰሜን ሸዋ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ባሕር ላይ ማደር ይወዱ አይወዱ እንደሆነ ላላረጋገጡ ጥንዶች ይህ ጥሩ መጀመሪያ ነው።

አንኮበር ያሉት አክስቴ ስንነሳ «ባሕሩ ለኛ ሩቅ አልነበረም እኮ» ብለውኝ ነበር። እውነታቸውን ነው። በሸዋው ንጉሥ በሣህለ ሥላሴ ዘመን፣ ዛሬ ጅቡቲ ውስጥ ካለችው ከታጁራ ወደብ የሚነሱ ግመሎች አንኮበር አጠገብ እስካለው አልዩ አምባ ገበያ ድረስ ይወጡ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች አንኮበር የደረሱት በዚያው መንገድ ነው።

ከመፈረም በፊት

የደረሰብንን ልናገር። ጀልባዋን የተረከብነው ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ለመነሳት ቸኩለናል። ሰውየው ፈጠን ፈጠን እያለ አሳየን። እሺ ብለን ፈረምን። ማታ ፍሪጁ አይሠራም። የገዛነው ሥጋ ተበላሸ፣ ውሃው ሞቀ። ቴክኒሺያን የደረሰልን በሦስተኛው ቀን ነው። ገንዘብ ሊመልሱልን አልቻሉም፤ «ሁሉም ይሠራል» የሚለው ወረቀት ላይ ፈርመናል።

ስለዚህ ርክክብ ላይ አትቸኩሉ። ፍሪጁን አስነስታችሁ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ፋኑን፣ ምድጃውን፣ የመጸዳጃውን ፓምፕ፣ የትንሿን የጎማ ጀልባ ሞተር ራሳችሁ ሞክሩ። መስኮት ሁሉ ከፍታችሁ ዝጉ። ጭረት ያለበትን በሙሉ ፎቶ አንሱ፤ ወረቀቱም ላይ አስጽፉ። የውሃ ታንኩ ስንት ሊትር እንደሚይዝ ጠይቁ። ሦስት ሰው በቀን 15፣ 15 ሊትር ቢጠቀም፣ 300 ሊትር ስድስት ቀን ተኩል ገደማ ይቆያል። በጆግ መታጠብ ለለመደ ሰው ይህ አይከብድም።

ዋስትናው በብዛት በዩሮና በባንክ ካርድ ነው የሚያዘው። ካፒቴን ይዛችሁም ሊጠየቅ ይችላል። ካርዳችሁ ውጭ አገር የሚሠራ መሆኑንና እስከ ስንት እንደሚፈቅድ ከባንካችሁ ጋር ሳትጨርሱ ውል አትፈርሙ።

ስንቅ ላይ እኛ በሶ፣ ድርቆሽና የተፈጨ ሽሮ ይዘን ነበር። የደሴት አገሮች በዘርና በተክል ላይ ጥብቅ ስለሆኑ ጥሬ እህል አትያዙ፤ የያዛችሁትንም ስትገቡ አሳውቁ። በሶው ነው ያዳነን። ማዕበል ባለበት ሰዓት ምድጃ ላይ መቆም የለም፤ በሶ በጥብጦ መጠጣት ግን ይቻላል። ካፒቴኑም ወደደው። በመጨረሻው ቀን የተረፈውን በላስቲክ አስሬ ሰጠሁት።

ለባለቤቴ ባልደረባና ለሚስቱ ካታማራን ከካፒቴን ጋር፣ አምስት ቀን፣ ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ብያለሁ። የወንድሜ ልጅ ላሙን እያሰበበት ነው። እጮኛው ግን ገመዱን ሳልዘረጋ አልወስንም ብላለች፤ እሑድ እኛ ግቢ ይመጣሉ።